ጭፍርግ በማን ስም ይጠራል? ከቢቸናና ከሞጣ መስክ የተነሣ የስያሜ ታሪክ



ስለ ቢቸናና ስለ ሞጣ እናገራለሁ ብሎ የተነሣ የታሪክ መምህር ስለ በላይ ዘለቀ አርበኝነት፣ የእርሻ ገቢ ግብርን በመቃወም እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ተቀሰቀሰው የገበሬዎች ዐመፅ፣ ወይም ስለ ዲማ ጊዮርጊስ የቅኔ ጉባኤ ይናገራል ተብሎ ይጠበቃል። እኔ ዛሬ የመጣሁት ግን የበላይ ፈረስም፣ የዐመፀኛው ገበሬ በሬም፣ የቅኔው ተማሪም ሲረግጣት ስለ ኖረች አንዲት ቢጫ አበባ ያላት ተክል ልናገር ነው። ጥያቄዬ ምን እንደ ሆነች ብቻ አይደለም፤ ምን እንደ ሆነች የሚነግረን ማን ነው፣ ሥልጣኑንስ ከየት አገኘው የሚል ነው። ይህም የታሪክ ጥያቄ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተክሏን በመጀመሪያ እንያት። ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው ደጋና ወይና ደጋ ምድር፣ በግጦሽ መስክ፣ በመንገድ ዳር፣ በእርሻ ድንበርና በቤተ ክርስቲያን ቅጽር አካባቢ ትበቅላለች። ቁመቷ ከቁርጭምጭሚት እስከ ጉልበት ቢደርስ ነው። ግንዷ ቀጭን ቢሆንም እንጨትነት አለው፤ በእጅ ሊሰብሩት ሲሞክሩ ልጡ እየተላጠ ይከተላል እንጂ እሺ ብሎ አይቀነጠስም። ሥሯ ጠልቆ ስለሚይዝ ከብት ቢግጣትም፣ ሰው ቢያጭዳትም በሚቀጥለው ዝናብ ከዚያው ጉቶ ታቆጠቁጣለች። ከብት በሣር ፈንታ አብዝቶ ስለማይበላት፣ መስኩ በተጋጠ ቁጥር የእርሷ ድርሻ ይጨምራል። አበባዋ ትንሽና ፈዛዛ ቢጫ ነው። የአማርኛ ተናጋሪው ገበሬ ጭፍርግ ይላታል፤ ቅርንጫፎቿን አስሮ ደጁንና ዐውድማውን ይጠርግባታል፤ ሥሯም ለመድኃኒትነት ይፈለጋል።

ይህች ተክል ከጥጥ፣ ከባሚያና ከከርከዴ ጋር ዘመዳሞች ከሆኑ ዕፅዋት ቤተሰብ ናት። የዕፅዋት ሊቃውንት ቤተሰቡን ማልቫሴ ይሉታል። ጥጥ ሲያብብ ያየ ሰው የቤተሰቡን ምልክት ያውቀዋል፦ አምስት የአበባ ቅጠሎች በመጠኑ ተጠማዝዘው ይደራረባሉ፤ በመካከላቸው ወንዴዎቹ ተጣብቀው አንድ ቱቦ መሳይ ዓምድ ይሠራሉ፤ ሴቴዋ ያንን ዓምድ ሰንጥቃ ከላይ ብቅ ትላለች። በግንዱ ላይ ያለው ጠንካራ ልጥም የዚሁ ዘመድነት ምስክር ነው። ባለፉት ሦስት ዐሥርት ዓመታት በዘረመል ጥናት ምክንያት ቤተሰቡ ሰፍቷል፤ እንደ ሌላ ወገን ይቈጠሩ የነበሩት የጎጃም ወልክፋና ሌንቋጣ ዛሬ በዚሁ ጣሪያ ሥር ናቸው። ገመድ የሚያስፈልገው ገበሬ የሌንቋጣን ልጥ ሲልጥ የኖረው ይህ ውሳኔ ከመሰጠቱ ከብዙ ዘመን በፊት ነው።

ከቤተሰቡ ወደ ወገኑ ለመውረድ ከአበባው ሥር መመልከት ያስፈልጋል። በከርከዴና በባሚያ አበባ ላይ ከአረንጓዴው አቃፊ ውጪ ሌላ የትናንሽ ቅጠሎች ክበብ አለ፤ በጭፍርግ ላይ ይህ ተጨማሪ ክበብ የለም። ቀጥሎ ፍሬዋ ይታያል። ፍሬዋ ሲደርቅ እንደ ተከፈለ ብርቱካን ወደ ትናንሽ ክፋዮች ይለያያል። በእያንዳንዱ ክፋይ ውስጥ አንድ ዘር ብቻ ከተገኘ ወገኑ ሲዳ ነው፤ ሁለት ወይም ሦስት ከተገኙ አቡቲሎን ወደሚባለው ወገን መሄድ ይገባል። በቢጫ አበባ ብቻ ተመርቶ ስም የሚሰጥ ሰው ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል የትኛውን እንደ ያዘ ሊናገር አይችልም። ሲዳ የሚለውን ስም ሊኔየስ በ1753 ለወገኑ ሲሰጥ ከጥንታዊው የግሪክ ጸሐፊ ከቴዎፍራስጦስ ነው የወሰደው፤ በቴዎፍራስጦስ ዘንድ ግን ቃሉ የውኃ ተክል ስም ነበር። የአውሮፓው ስያሜም ከመነሻው ስም ከባለቤቱ የተለያየበት ታሪክ እንዳለው ልብ በሉልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። በኢትዮጵያ የመድኃኒት ዕፅዋት ጥናቶች ጭፍርግ አብዛኛውን ጊዜ የሚሰጠው ሳይንሳዊ ስም ሲዳ ሺምፐሪያና ነው። ሙሉ ስሙ ሲጻፍ ከኋላው «ሆክስተተር በሪሻር» የሚል ምስክርነት አለው። ተማሪዎች ይህን ጭራ ብዙ ጊዜ ሳያነቡት ያልፉታል፤ እኔ ግን ከስሙ ሁሉ ይልቅ የምወደው እርሱን ነው፤ በአንድ መስመር ውስጥ ሦስት ሰዎችን፣ ሁለት አገሮችንና አንድ ፉክክር ይዟልና።

የመጀመሪያው ሰው ጊዮርግ ቪልሄልም ሺምፐር ነው። በ1804 በባቫርያ ተወለደ። በደቡብ ጀርመን በኤስሊንገን ከተማ የተቋቋመ አንድ የዕፅዋት ማኅበር ነበር፤ አባላቱ አስቀድመው ገንዘብ ያዋጣሉ፣ ማኅበሩ ተጓዥ ይልካል፣ ተጓዡ የሚልከው የደረቀ ዕፅ ለአባላቱ በድርሻቸው ይከፋፈላል። በዛሬ ቋንቋ የአክሲዮን ሥራ ልንለው እንችላለን። ሺምፐር በዚህ ማኅበር ወጪ በሲናና በሂጃዝ ከለቀመ በኋላ በ1837 ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ ዐድዋንም መቀመጫው አደረገ። ከአንድ ቦታ የለቀመውን አንድ ዓይነት ዕፅ ብዙ ቅጂ አድርጎ ያደርቃል፤ ሁሉም አንድ ቁጥርና አንድ የታተመ የላቲን ወረቀት ተለጥፎባቸው ወደ አውሮፓ ከተሞች ይበተናሉ። እንዲህ መበተናቸው በኋላ ለታሪክ ጠቀመ፤ በ1943 በርሊን በቦምብ ስትደበደብ የከተማዋ የደረቅ ዕፅዋት ስብስብ አብዛኛው ሲቃጠል፣ የሺምፐር የቀደሙት ናሙናዎች ቅጂዎች በሌሎች ከተሞች ተርፈዋልና።

ሺምፐር መንገደኛ ሆኖ አልቀረም። ከኢትዮጵያዊት ተጋባ፤ ከደጃዝማች ውቤ እንጢጮን በሹመት ተቀበለ። በ1855 ውቤ በደረስጌ ሲሸነፉ የእርሱም ሹመት አበቃ። ኋላም በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ከሌሎች አውሮፓውያን ጋር በመቅደላ ተይዞ ቆይቶ በ1868 ተለቀቀ፤ በ1878 በዚያው በዐድዋ ዐረፈ። ዐርባ ዓመት ገደማ በአገራችን የኖረ ሰው ነው። ስለ እርሱ ሲነገር «አገር አሳሽ» የሚለው ቃል ለእኔ አይመጥንም፤ የውቤ ሹም ነበር ቢባል ይሻላል። የትግራይን ተራሮች ለመውጣትና ለመልቀም የቻለው ማኅበሩ በሰጠው ገንዘብ ብቻ ሳይሆን፣ ከለላ የሰጠው የአገር መስፍን ስለ ነበረ ነው።

ሁለተኛው ሰው የማኅበሩ መሪ ክርስቲያን ፈርዲናንድ ሆክስተተር ነው። ቄስና መምህር ነበር። ከዐድዋ የመጡትን እሽጎች እየፈታ ስም የሚያወጣላቸው እርሱ ሲሆን፣ አንዱን ሲዳ በላኪው ስም ሺምፐሪያና አለው። ነገር ግን ስም በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻ በዕፅዋት ሕግ ዘንድ አይበቃም፤ ከመግለጫው ጋር መታተም አለበት። ይህን ያደረገው ሦስተኛው ሰው፣ ፓሪሳዊው አሺል ሪሻር፣ በ1847 መታተም በጀመረው የአቢሲኒያ ዕፅዋት መጽሐፉ ነው። «ሆክስተተር በሪሻር» የሚለው ጭራ ትርጉሙ ይህ ነው፦ ጀርመናዊው አወጣው፣ ፈረንሳዊው አተመው።

ሪሻር ራሱ ኢትዮጵያን አላየም። መጽሐፉን የሠራው በቴዎፊል ለፌብር ከተመራው የፈረንሳይ ጉዞ በተገኙ ናሙናዎችና በሺምፐር ስብስብ ነው። በዚያ ጉዞ ዕፅዋቱን የለቀሙት ሐኪሞች ካርተን ዲዮንና አንቷን ፐቲ ሁለቱም ወደ አገራቸው አልተመለሱም። የመጀመሪያው በመረብ ሸለቆ በንዳድ ሞተ፤ ሁለተኛው በ1843 ዓባይን ሲሻገር በአዞ ተበላ። ዓባይ ጎጃምን ከሦስት አቅጣጫ የሚከብ ወንዝ መሆኑን ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልገኝም።

ይህን ሁሉ ያነሣሁት አንድ ነገር ለማሳየት ነው። የአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት የዕፅ ለቀማ የተከተለው የምጽዋን፣ የዐድዋንና የጎንደርን የንግድ መንገድ ነው። ወደ ጎጃም የመጡት የውጭ ሰዎች ሌላ ዓላማ ነበራቸው። ጄምስ ብሩስ በ1770 ግሽ ዓባይ ድረስ የመጣው የወንዙን ምንጭ ሊያይ ነበር፤ ምንም እንኳ የኮሶን ዛፍ ለአውሮፓ በማስተዋወቁ ቢመሰገንም። በ1840ዎቹ መጀመሪያ በየጁቤ የተቀመጠው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ ንግድንና ጂኦግራፊን ይመዘግብ ነበር። ከደጃዝማች ጎሹ ጋር የተወዳጀው አርኖ ዳባዲና ወንድሙ አንቷን ካርታና ቋንቋን ይከታተሉ ነበር። በ1937 የጣሊያን አካዳሚ የላከው የጣና ጥናት ቡድን ሮዶልፎ ፒኪ ሰርሞሊን የመሰለ ትልቅ የዕፅዋት ሊቅ ይዞ መጣ፤ ትኩረቱ ግን ሐይቁና አካባቢው ነበር። ደግሞስ በእነዚያ ዓመታት የቢቸና ሸለቆዎች ለጣሊያናዊ አበባ መልቀሚያ የሚሆኑ ቦታዎች አልነበሩም፤ ለምን እንደ ሆነ የበላይ ዘለቀን ታሪክ የሚያውቅ ያውቀዋል። ስለዚህ የምሥራቅ ጎጃም ጭፍርግ ዛሬ የምትጠራው ከሰሜን በተላከ እኅቷ ስም ነው፤ ላኪዋም የውቤ ሹም ነበር። ይህ ስያሜውን ሐሰት አያደርገውም። ነገር ግን የምሥራቅ ጎጃሟ ተክል በእርግጥ የዚያችው እኅት መሆኗ በእያንዳንዱ ቦታ መመርመር ያለበት ጉዳይ ነው እንጂ ከስሟ ብቻ የሚገኝ እውቀት አይደለም።

የአገራችንን ስሞች ከላቲኑ ጋር የማጋባት ሥራም የራሱ ታሪክ አለው። ጀርመናዊው ጊዮርግ ሽዋይንፉርት በ1893 የአቢሲኒያን የዕፅዋት ስሞች በፊደል ተራ አሰባስቦ አሳተመ። ከእርሱ በፊት በ1881 የወጣው የአንቷን ዳባዲ የአማርኛ መዝገበ ቃላትም ብዙ የዕፅ ስሞች አሉት። በ1963 የደን ባለሙያው ሙኒ የኢትዮጵያ ዕፅዋት ስሞች መፍቻ የሚል መጽሐፍ በደብሊን አሳተመ። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትረልሲን የግእዝና የአማርኛ የመድኃኒት መጻሕፍትን ካጠና በኋላ በ1973 የስሞችንና የአጠቃቀማቸውን ጥናት አወጣ። የወልደ ሚካኤል ቀለጫ መፍቻ ደግሞ በ1987 ለአራተኛ ጊዜ ታተመ፤ ዛሬም በየቤተ መጻሕፍቱ ገጹ እስኪላላ ድረስ የሚገለጠው እርሱ ነው።

እነዚህ ሥራዎች ባይኖሩ ኖሮ ጥናታችን ከምን እንደሚነሣ አላውቅም ማለት ይቻላል። ነገር ግን ሁሉም አንድ የጋራ ቅርጽ አላቸው፦ በግራ የአገር ስም፣ በቀኝ የላቲን ስም። በመካከላቸው ያለው ባዶ ቦታ እንደ እኩልነት ምልክት ይነበባል። ጭፍርግ ግን ለዚህ እኩልነት አትመችም። በታተሙ ጥናቶች ውስጥ ይኸው ስም ለሲዳ ሺምፐሪያናም፣ ለሌሎች የሲዳ ዝርያዎችም ተሰጥቶ ይገኛል። ጎርጀጅት የሚባለው ስምም አብዛኛውን ጊዜ ለሌላይቱ፣ ቅጠሏ ሾጠጥ ብሎ እንደ ተቆረጠ ድፎ ቁራጭ ባለ አራት ማዕዘን ለሆነችው ለሲዳ ሮምቢፎሊያ ይሰጣል። የገበሬው ስም የሚሰጠው በሥራ ነው፤ የሚጠርግ፣ የማይሰበር፣ ታስሮ የሚውል ሁሉ ጭፍርግ ሊሆን ይችላል። የሊቁ ስም የሚሰጠው በፍሬው ክፋይ ቅርጽ ነው። ሁለቱ ስሞች የሚመልሱት ጥያቄ የተለያየ ነው፤ አንዱን የሌላው ትርጉም አድርጎ ማቅረብ ለሁለቱም አይበጅም ብዬ አምናለሁ።

በአገር ውስጥ ይህን ለመመርመር የሚያስችል መሣሪያ የተገኘው ዘግይቶ ነው። ብሔራዊ ሄርባሪየማችን በ1959 በአዲስ አበባ ተመሠረተ። በ1980 ከኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተጀመረው የኢትዮጵያ ዕፅዋት ፕሮጀክት የመጀመሪያውን ቅጽ በ1989 አሳትሞ፣ የመጨረሻውን በ2009 ደመደመ። የተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር፣ የመስፍን ታደሰ፣ የሰብስቤ ደምሰው፣ የኢንጋ ሄድበርግና የሱ ኤድዋርድስ ስም ከዚህ ሥራ አይለይም። ወጪውን የሸፈነው የስዊድን የልማት ትብብር ሲሆን፣ የድርጅቱ ምኅጻረ ቃልም ሲዳ ነው፤ ከተክሏ ስም ጋር መግጠሙ አጋጣሚ ብቻ ቢሆንም ለተማሪ ማስታወሻ ይጠቅማል። የማልቫሴን ክፍል የጻፈው ዴንማርካዊው ካይ ቮለሰን ነው፤ በ1995 በሁለተኛው ቅጽ ሁለተኛ ክፍል ወጣ። እርሱ በ1980ዎቹ ሲዳ ቴኑይካርፓ የተባለችውን ዝርያ ለብቻዋ ለይቶ ሰይሟል። ከሺምፐር እስከ ቮለሰን ወደ መቶ ዐምሳ ዓመት ነው፤ በዚህ ሁሉ ጊዜ ውስጥ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ ቢጫ ሲዳዎች ገና ተቈጥረው አላለቁም ነበር ማለት ነው።

በዚህ ታላቅ ሥራ ላይ አንድ የታሪክ ሰው ማስታወሻ ልጨምር። መጽሐፉ አገሪቱን በክፍለ አገር መሠረት ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ባለ ሁለት ፊደል ምልክት ይሰጣል፤ ለጎጃም የተሰጠው «ጂ ጄ» ነው። አንድ ተክል በዚህ ምልክት ሥር ሲጠቀስ ናሙናው ከዳንግላ ይሁን ከሞጣ፣ ከዓባይ በረሃ ይሁን ከጮቄ ተራራ ሥር ምልክቱ ብቻውን አይለይም። ለጠቅላላ ሥርጭት ይህ ይበቃል፤ «የቢቸናዋ ጭፍርግ ማን ናት?» ብሎ ለሚጠይቅ ግን አይበቃም።

ይህ ሁሉ የቃላት ክርክር ነው የሚል ተማሪ ይኖራል። አይደለም። በሲዳ ወገን ውስጥ በሞቃት አገሮች የምትበቅል፣ እርሷም ቢጫ አበባ ያላት ሲዳ ኮርዲፎሊያ የምትባል ዝርያ አለች፤ በህንድ ባህላዊ ሕክምና የታወቀች ናት። በውስጧ ኤፌድሪን የተባለ ቅመም አለ፤ የልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል። የኤፌድሪን ወገን ቅመሞችን የያዙ የምግብ ተጨማሪዎች በአሜሪካ በ2004 የታገዱት በዚህ ጠባያቸው ምክንያት ነው። እንግዲህ አንድ የመመረቂያ ጽሑፍ ከቢቸና አዋቂ የሰማውን የጭፍርግ ሥር አጠቃቀም ይመዘግባል፤ የላቲኑን ስም ከመፍቻ መጽሐፍ ይገለብጣል፤ ቀጥሎ ስለ «ሲዳ» በጥቅሉ የተጻፈውን የላቦራቶሪ ውጤት ከሌላ አገር አምጥቶ ለአዋቂው ቃል ማስረጃ ያደርገዋል። ሦስቱም እርምጃዎች በየራሳቸው ንጹሕ ይመስላሉ። ሲገናኙ ግን የአንዲቱ ተክል ኃይል ለሌላይቱ ይሰጣል፤ መጠኑም እንደዚሁ። ገምጋሚ ሆኜ ባነበብኋቸው ጽሑፎች ውስጥ ይህን ሰንሰለት ደጋግሜ አግኝቼዋለሁ፤ ናሙና የተቀመጠበት ቁጥር ሲጠየቅ ከሠንጠረዡ ውስጥ ያ ዓምድ ባዶ ይሆናል። ከዚህም የሚከፋው በአዋቂው ላይ የሚደርሰው ነው። አባት ለልጅ በምስጢር ያስተላለፈውን ለእንግዳ የገለጡ ሰው፣ ቃላቸው ከማያውቋት ተክል ጋር ታስሮ ይቀራል፤ ከእርሳቸው በኋላም ሄዶ የሚጠይቃቸው ሰው አያገኛቸውም።

ስለዚህ ለሚቀጥለው የመስክ ጊዜ የምትዘጋጁ ተማሪዎች የምለምናችሁ ጥቂት ነው። ጭፍርግን ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ፣ በጠዋት ልቀሟት፤ አበባዋ ለጥቂት ሰዓት ተከፍቶ ይጨማደዳልና ከሰዓት በኋላ የሚደርስ ሰው የሚያገኘው የተጠቀለለ ነገር ነው። ከሥሯ ጉቶ ጀምሮ አውጧት፤ ያለ ጉቶው ለዓመታት የምትኖር መሆኗ አይታወቅም። የበሰለውን ፍሬ በተለየ ፖስታ ክተቱት፤ ክፋዮቹ በመንገድ ላይ ይበተናሉ፤ ዝርያዋን የሚለየው ደግሞ በጫፋቸው ላይ ያለው ሹል መኖር አለመኖሩና ቁጥራቸው ነው። ከአንድ ቀበሌ ብቻ አትልቀሙ፤ አንዷን ከቢቸና ጥቁር አፈር፣ ሌላይቱን ከሞጣ ዳገት ውሰዱ። በወረቀቱም ላይ የቦታውን ስም፣ ከፍታውንና ቀኑን ከጻፋችሁ በኋላ፣ ስሟን የነገሯችሁ ሰው ፈቃዳቸው ከሆነ ማን እንደሚባሉ፣ ጭፍርግ ያሏት ለምን ሥራ እንደ ሆነ፣ «ሌላስ ጭፍርግ አለ?» ተብለው ሲጠየቁ የመለሱትን ቃል እንደ ተናገሩት በአማርኛ ጻፉት። ሺምፐር ለላቲን ያተመው ወረቀት ለዚህ የሚሆን ቦታ አልነበረውም፤ የእናንተ ወረቀት ሰፋ ብሎ ሊቆረጥ ይችላል።